ለድጡ የሚበራ፣ ለማጡ የሚጠፋ

ሐምሌ ነው፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከአሰንዳቦ ከተማ ወጥተን ወደ ግልገል ጊቤ ሸለቆ የሚወርደውን የገጠር መንገድ ከያዝን ግማሽ ሰዓት ሆኖናል። ፕራዶዋ ውስጥ አራት ሰዎች ነን፤ ከኋላ በገመድ የታሰረ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን አለ። ሹፌራችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። ከፊታችን የከባድ መኪና ጎማ ያረሰው፣ ውሃ ያቆረ፣ ሠላሳ ሜትር የሚሆን ማጥ ተዘርግቷል። ወርደው ጥልቀቱን በእንጨት ለኩ፤ የጫማቸውን ጭቃ በሣር ጠርገው ተመለሱና ገቡበት።

መሃል ላይ ስንደርስ ሞተሩ አቅም ከዳው። ሹፌሩ ነዳጅ ይረግጣሉ፤ ሞተሩ ግን በማጓራት ፈንታ ጉሮሮውን እንደታነቀ ሰው ያቃስታል። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ምስሏ ከኋላዋ ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮችን የምትጎትት ትንሽ መኪና ነው። ከታች፣ ከጎማዎቹ በኩል፣ ፍሬን ሲይዝና ሲለቅ ይሰማል። መኪናዋ ቆመች።

«አየህ? የያዘን ጭቃው አይደለም፤ እሷ ናት» አሉኝ መብራቷን እያሳዩ።

ከዚያ ከመሪው አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ቁልፍ በጣታቸው ተጭነው ያዟት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብልጭ ድርግም ስትል የነበረችው መብራት ረግታ በራች። ኋላ ማርሽ አስገብተው በመጣንበት ዱካ ጥቂት ሜትር አፈገፈጉና ወደ ፊት ለቀቋት። አራቱም ጎማዎች እየተሽከረከሩ ጭቃውን እስከ ጣሪያ ረጩት። መኪናዋ ግራና ቀኝ እየተወላገደች፣ ግን ሳትቆም፣ ማዶ ወጣች። ዳገቱ ላይ ቆመው ሲያዩን የነበሩ ገበሬዎች «ጀባዱ!» እያሉ ጮኹልን።

ሥራችንን ጨርሰን አሰንዳቦ አስፋልት ላይ የወጣነው ወደ አመሻሹ ነው። ካፊያው አላቆመም። ፊታችንን ወደ ጅማ አዙረን፣ የቸኮለ ሁሉ እንደሚነዳው እየነዳን፣ ሰርቦን አለፍን። ያን ጊዜ ነው ዳሽቦርዱን ያየሁት። መብራቷ እንደበራች ናት።

«ጋሼ፣ ያቺ መብራት አልጠፋችም እኮ።»

«ግድ የለም፤ ስናድር ትጠፋለች» አሉኝ።

የዛሬው ጽሑፌ የተነሣው ከዚህ መልስ ነው። ሹፌራችን ማጡ ውስጥ ያደረጉት ልክ ነበር፤ እሳቸው ያን ባያውቁ ኖሮ ክትባቱ በዚያ ቀን ከልጆቹ ባልደረሰ ነበር። አስፋልቱ ላይ ያደረጉት ደግሞ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር በመተው የአራት ሰው ሕይወት ለዕድል መስጠት ነበር። ሁለቱን ያደረጉት አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቁልፍ ነው።

አማርኛችን «ከድጡ ወደ ማጡ» ይላል። አባባሉን ከክፉ ወደ ባሰ ነገር መሄድን ለመግለጽ ስለምንጠቀምበት ሁለቱ ቃላት የተለያዩ መሆናቸውን እንዘነጋለን። ድጥ የሚያንሸራትት ነው፤ ከላይ የረጠበ፣ ከሥሩ ግን ጠንካራ የሆነ መሬት። ማጥ የሚውጥ ነው። በድጥ ላይ የሚያስፈልግህ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲሆን በማጥ ውስጥ የሚያስፈልግህ አለመቆም ነው። በዘመናዊ መኪኖች ላይ ያለው የመንሸራተት መቆጣጠሪያ፣ ፋብሪካዎቹ ስታቢሊቲ ኮንትሮል፣ ቶዮታ ደግሞ ቪኤስሲ የሚለው፣ የተሠራው ለድጡ ነው። ማጡ ውስጥ የሚገባው ሹፌር ደግሞ ያንኑ ጠባቂ ማጥፋት ይኖርበታል። ቃላችን ራሱ ይህን ያህል ለይቶ ያውቃል፤ የማሽከርከር ትምህርታችን ግን አልለየውም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር፤ ምክንያቱም ቁልፏን በልማድ የሚጫናት ሹፌር ብዙ ነው፣ ምን እንዳጠፋ የነገረው ሰው ግን ጥቂት ነው። በየጎማው እምብርት አጠገብ የጎማውን ፍጥነት የሚቆጥር ሴንሰር አለ። መሪው ሥር ሹፌሩ መሪውን ምን ያህል እንዳዞረ የሚለካ ሌላ አለ። በመኪናዋ ወገብ አካባቢ ደግሞ አካሏ ወደ ጎን ምን ያህል እንደተገፋና በዘንጓ ዙሪያ ምን ያህል እንደዞረች የሚለካ ተቀምጧል። ሥርዓቱን ከሚሠሩት ዋነኛው ቦሽ እንደሚለው፣ ኮምፒዩተሩ ሹፌሩ ሊሄድ የፈለገበትንና መኪናዋ የምትሄድበትን በሴኮንድ 25 ጊዜ ያስተያያል። ሁለቱ ከተለያዩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንስና ከአራቱ ጎማዎች መርጦ አንዱን ወይም ሁለቱን በፍሬን ይይዛል። የኋላው እየከዳ ከሆነ ከውጭ በኩል ያለውን የፊት ጎማ ይይዝና አፍንጫዋን ይመልሳል። ሹፌር የቱን ያህል ቢሰለጥን እግሩ ያለው አንድ የፍሬን ፔዳል ላይ ነው፤ አራቱን ጎማ ለየብቻ መያዝ አይችልም። «እኔ ከኮምፒዩተር በላይ ነኝ» የሚል ሹፌር ሲገጥመኝ የምነግረው ይህንኑ ነው።

እዚያው ሥርዓት ውስጥ አንድ ሌላ ክፍል አለ፤ ትራክሽን ኮንትሮል ይባላል። ጎማ ባዶውን ሲሽከረከር ካየ ሞተሩን ያፍናል፣ የሚሽከረከረውንም ጎማ በፍሬን ይይዛል። እርጥብ አስፋልት ላይ ዳገት ስትነሣ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ማጥ ውስጥ ግን የሚሽከረከር ጎማ ጥፋተኛ አይደለም። ጭቃ ሲገባ የጎማው ጥርስ ይደፈንና ሸክላ የተቀባ ይመስላል፤ የተደፈነውን ጭቃ በትኖ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት የሚያገኘው በመሽከርከሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን አያውቅም። መንሸራተት አይቶ ሞተሩን ያፍነዋል፤ መኪናዋ የያዘችውን ግስጋሴ ታጣለች፤ ግስጋሴ ያጣች መኪና ደግሞ ትሰጥማለች። አሰንዳቦ ቁልቁለት ላይ የደረሰብን ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ማጥፋት መልካም ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሹፌሮች የሚሳሳቱት እዚህም ላይ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ ሌላው ድንጋይ የረገጠ እንደሆነ፣ የዲፈረንሻሉ ጠባይ ጉልበቱን ሁሉ ምንም ላልያዘው ጎማ መስጠት ነው። ያን ጊዜ የተንጠለጠለውን ጎማ በፍሬን ይዞ ጉልበቱን ወደ ረገጠው የሚያሻግረው ይኸው የሚሰደበው ኮምፒዩተር ነው። ሥርዓቱ በርቶ ነዳጁን በዝግታና ሳይቆራረጥ የሚሰጥ ሹፌር ከዚያ ዓይነት ቦታ ይወጣል፤ አጥፍቶ የሚያጓራ ሹፌር ጉድጓዱን ያጠልቃል። ስለዚህ ጥያቄው መቼ ነው። ለስላሳ፣ ጥልቅ፣ ረጅም ጭቃ፦ ይጥፋ። ጎርበጥባጣ ድንጋያማ መንገድ፦ ይብራ። ቶዮታ በብዙዎቹ ሞዴሎቹ ላይ ይህን ለይቶ አስቀምጦታል፤ ቁልፏ ለአፍታ ስትነካ የሚጠፋው ትራክሽን ኮንትሮሉ ብቻ ነው፣ መኪናዋ ቆማ ሦስት ሴኮንድ ያህል ስትያዝ ግን ሁሉም ይጠፋል። የሦስት ሴኮንዱን ከሚያውቁት ብዙዎቹ የአፍታዋን አያውቁም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ይህን ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በመንገደኛ መኪና ላይ ያዋሉት ቦሽና መርሴዲስ ቤንዝ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1995። የቦሽን መሐንዲሶች የመሩት አንቶን ቫን ዛንተን የሚባሉ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያ የተገጠመው የሀብታም መኪና ላይ ነበር፤ የሕዝብ ያደረገው አንድ ውርደት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት አዲሷን መርሴዲስ ኤ ክላስ ወስዶ በስዊድን መንገድ ላይ ድንገት የሚገባውን ትልቅ አጋዘን ለመሸሽ የሚደረገውን ዓይነት መሪ አዙሮ መመለስ ፈተናት። መኪናዋ ተገለበጠች። ኩባንያው ሽያጩን አቁሞ መኪናዋን አስተካከለና መቆጣጠሪያውን በሁሉም ኤ ክላሶች ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ገጠመ። ከዚያ በኋላ ትንንሽ መኪኖችም ያገኙት ጀመር።

ስዊድኖቹ የፈሩት አጋዘን ነው። ከሰኮሩ በደነባና በአሰንዳቦ አድርጎ ጅማ የሚገባውን አስፋልት የሚያውቅ ሰው የኛን አጋዘን ያውቀዋል፤ ከጎረቤቱ ላም ጋር የተጣላ በሬ፣ ቡና የተጫነች አህያ፣ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚሮጥ ልጅ፣ መብራት ሳያሳይ ከዳር የሚነሣ ባጃጅ። የገበያ ቀን ሲሆን ከአሰንዳቦ መግቢያ እስከ መውጫው ያለው መንገድ ሁሉ የዚያ የስዊድን ፈተና ሜዳ ነው። ሹፌሩ መሪውን ወደ ግራ ያዞራል፤ ከፊት ሲኖትራክ እየመጣ ነው፤ ወዲያው ወደ ቀኝ ይመልሳል። የመኪናን ጀርባ የሚያስከዳው ይህ ሁለተኛው መመለስ ነው። ቁመቷ ረጅም በሆነ፣ በፖርቶ መጋላዋ ላይ ጆንያ በተጫነባት መኪና ላይ ደግሞ መዘዙ መንሸራተት ብቻ አይሆንም፤ መገልበጥ ነው።

የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ሥርዓቱን አስገዳጅ የሚያደርገውን ደንብ ሲያወጣ ያስቀመጠው ግምት ይህንኑ ያሳያል። አንድ መኪና ብቻዋን ከምትደርስባቸው አደጋዎች ውስጥ በቤት መኪኖች 34 በመቶውን፣ እንደ ፕራዶ ባሉ ከፍ ያሉ መኪኖች ደግሞ 59 በመቶውን ያስቀራል አለ። መገልበጥን ብቻ ለይቶ ሲያይ ቁጥሩ ለቤት መኪና 71፣ ለከፍ ያሉት 84 በመቶ ነው። ከፍ ባለች መኪና ላይ ጥቅሙ ይበልጥ የጎላ ነው፤ ማለትም ቁልፏን አዘውትሮ የሚያጠፋው የገጠር ሹፌር የያዛት መኪና ጠባቂው በጣም የሚያስፈልጋት ናት። ደንቡ በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2011 ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ ቀላል መኪኖች ላይ ተፈጻሚ ሆኗል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2014 ጀምሮ።

በዚያ የአሜሪካ ደንብ ውስጥ ስለኛ ጭቃ የተጻፈ የሚመስል አንድ አንቀጽ አለ። ደንቡ ማጥፊያ ቁልፍ እንዲኖር ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሹፌሩ ያጠፋው ሥርዓት ሞተሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሣ በራሱ መብራት አለበት ይላል። ለዚህም የተለየ ነገር አስቀምጧል፤ መኪናዋ ፎር ሎው ውስጥ ከሆነች፣ ማለትም አራቱም ጎማ በከባዱ ማርሽ ከተያዘ፣ እንደጠፋ ሊቆይ ይችላል። ሕግ አውጪዎቹ ማጥ እንዳለ ያውቃሉ። ከማጡ የወጣ ሰው ደግሞ እንደሚረሳ ያውቃሉ። የመርሳቱን መድኃኒት ያደረጉት የሞተር ቁልፉን ነው።

እኛ ዘንድ መድኃኒቱ የማይሠራበት ምክንያት አለ፤ ይህን ያስተዋልኩት ያን ቀን ሹፌራችን «ስናድር ትጠፋለች» ካሉኝ በኋላ ነው። በገጠር መንገድ የሚሠራ ሹፌር ሞተር አያጠፋም። ባትሪው አርጅቶ ይሆናል፤ ማስነሻው ተንኮል ጀምሮት ይሆናል፤ ሰው የማይደርስበት ቦታ ላይ አልነሣም ብትለው የሚገፋለት የለም። ክትባት ሲወርድ ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ምሳ ሲበላ እየሠራ ነው፤ ከማጡ ወጥቶ አስፋልት ሲረግጥም ያው ሞተር እየሠራ ነው። ስለዚህ ጠዋት በጭቃ የጠፋው ጠባቂ ማታ ጅማ ገብቶ መኪናዋ እስክትቆም እንደጠፋ ይቆያል። ዴትሮይት ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው ቤንዚን ለመቅዳት ሲወርድ ሞተር ያጠፋል፤ ጠባቂውም ይመለሳል። የአሰንዳቦው ሹፌር አያጠፋም፤ ያለማጥፋቱም ከልምድ ያገኘው ጥበብ ነው። ደንቡ ግን ሲረቀቅ ይህን ጥበብ አላወቀም።

በዚያ ላይ መሬቱ አለ። የግልገል ጊቤ ሸለቆ ሜዳው ዋልካ ነው፤ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ጎማ ላይ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር። ወደ ቡናው ኮረብታ ሲወጣ አፈሩ ቀይ ይሆናል፤ እሱ ሲርስ ከላዩ እንደ ሳሙና ነው። በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ማጥና ድጥ ይፈራረቃሉ። ሹፌሩ ዋልካው ውስጥ ያጠፋውን ቀዩ ቁልቁለት ላይ ማብራት አለበት። ከዚያም አስፋልቱ ይመጣል፤ የጎማው ጥርስ በጭቃ እንደተደፈነ። ከገጠር መንገድ ወጥቶ አስፋልት ላይ የሚፈጥን መኪና ከኋላው ጭቃ ሲበትን ያላየ የጅማ ሰው የለም። ጎማው አስፋልቱን በጎማነቱ የሚይዘው ያ ጭቃ ተበትኖ እስኪያልቅ ከተነዳ በኋላ ነው፤ ጠባቂው ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለግባቸው የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች እነዚያ ናቸው። የጠፋውም በእነሱ ላይ ነው።

በነባሮቹ ሹፌሮች ላይ መፍረድ አይገባም። አብዛኞቹ ያደጉት ይህ ሁሉ በሌለበት መኪና ነው። የሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘሩ ዝርያ፣ 70 የሚባለው፣ ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ ይመረታል፤ ሀብታሟ አውስትራሊያ ውስጥ እንኳ ይህ መቆጣጠሪያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በኤንትሬ ፊያት ቡና የጫኑ አባቶች ጎማ ላይ ሰንሰለት አስረው፣ ረዳቱን ከፊት እያስኬዱ፣ የተያዘውን በድንጋይና በቅጠል አንጥፈው አልፈዋል። እነዚያ ሰዎች መኪናን በመቀመጫቸው ያነቡ ነበር፤ ጀርባዋ ሊከዳ ሲል ቀድመው ያውቁታል። ከእነሱ የተማረ ሹፌር «ሞተሬን የሚያፍን ማነው» ቢል አልፈርድበትም። ያልተነገረው ነገር፣ ዛሬ የያዛት መኪና ከሃርድ ቶፑ የበለጠ ፈጣንና የበለጠ ጸጥተኛ መሆኗን ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ 60 ይመስለዋል። የቀድሞው መኪና በጩኸቱና በንዝረቱ ያስፈራው ነበር፤ አዲሷ አታስፈራውም፤ የፍርሃቱን ቦታ የያዘው ያጠፋው ኮምፒዩተር ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመብራቷ ነገር ነው። አገራችን የሚሽከረከረው መኪና አብዛኛው ያረጀ ነው። ያረጀ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ እንደ ገና ዛፍ ነው፤ የሞተር መብራት በርቷል፣ የኤቢኤስ በርቷል፣ የኤር ባግ በርቷል። በጎማው እምብርት አጠገብ ያለችውን ሴንሰር ጭቃ ሲደፍናት ወይም ሽቦዋን ድንጋይ ሲቆርጣት ሥርዓቱ ራሱን ያጠፋና መብራቷ ትበራለች። ጋራዥ ሲወሰድ መመርመሪያ ኮምፒዩተር የለም፣ ወይም ዕቃው አዲስ አበባ ነው፣ ወይም «ያለሱ ትሄዳለች» ይባላል። እውነትም ትሄዳለች። በመብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር የተለጠፈባት መኪና ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ሹፌሩ «ሌሊት ዓይኔን ትወጋኛለች» ነበር ያለኝ። አንድ ሹፌር ለዓመታት ሲበሩ የኖሩ መብራቶችን ችላ ማለት ከለመደ በኋላ፣ በእጁ ያጠፋትን ለይቶ እንዲያስታውስ መጠበቅ ከባድ ነው።

ስለዚህ ለባለ መኪናና ለመሥሪያ ቤት ስምሪት ኃላፊ የምለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ወደ ማብሪያ ሲዞር መብራቶቹ ሁሉ መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የምትንሸራተተው ትንሽ መኪና መጥፋት አለባት። ጨርሶ ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል። በርታ ከቀረች ሥርዓቱ ታሟል። ይህን ለማየት ባለሙያ አያስፈልግም፤ ዘይትና ውሃ እንደሚታይ ጠዋት ጠዋት ይታያል። ጎማ ሲታጠብ የእምብርቱን ውስጥ ጭምር ማጠብ፣ በተለይ ከዋልካ ሲወጣ፣ ብዙውን ችግር ያስቀራል።

ሌላው የኮረኮንች ጉዳይ ነው። «ኮረኮንች ላይ ትረብሸኛለች» ብለው ከከተማ ሲወጡ የሚያጠፏት አሉ። ከሁሉ ስሕተት ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ልቅ ጠጠር ላይ ኤቢኤስ የተገጠመለት መኪና ለመቆም ትንሽ ረዘም ያለ ርቀት መውሰዱ እውነት ነው፤ የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ ጠጠር ይከምርና ያ ክምር ራሱ ያቆመዋል፣ ኤቢኤስ ደግሞ ጎማው እንዲቆለፍ አይፈቅድም። ሹፌሮቹ ይህን በእግራቸው ስለሚያውቁ የሚረብሻቸው ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። ጠጠር ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ኩርባ ላይ ጀርባዋ ስትከዳ አፍንጫዋን የሚመልሰው ግን ያው ያጠፉት ነው። ኮረኮንች ድጥ ነው እንጂ ማጥ አይደለም። ለማጥ ካልሆነ በቀር ጣት ከቁልፏ ይራቅ።

ከስምሪት ክፍሎች ጋርም አንድ ክርክር አለኝ። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሹፌሮቹን «ቁልፏን እንዳትነኩ» ብሎ ይከለክላል። ክልከላው ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ውጤቱ ግን ሹፌሩ በድብቅ ማጥፋቱና ስለ ጉዳዩ መነጋገር መቅረቱ ነው። ግልገል ጊቤ ሸለቆ ሐምሌ ላይ የላከው ሹፌር ሳያጠፋ እንደማይመለስ ኃላፊውም ያውቃል። የሚሻለው መፍቀድና የማብሪያውን ቦታ መወሰን ነው። አሰንዳቦ ላይ ያ ቦታ ግልጽ ነው። ከገጠር የሚመጣው መንገድ ከአዲስ አበባ ጅማው አስፋልት የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ሻይ ቤት አለ፣ ውሃ በጀሪካን የሚያመጡ ልጆች አሉ፣ መግፋት ቢያስፈልግ ሰው ሞልቷል። ሞተር ማጥፋት የማይፈራበት የመጀመሪያው ቦታ እሱ ነው። እዚያ መቆም፣ ጎማ ማጠብ፣ ሞተር ማጥፋት፣ ማስነሣት። ሞተሩን ማጥፋት የሚፈራ ካለ ደግሞ ቁልፏን አንዴ መንካት ብቻ ይበቃዋል፤ ያጠፋችው ቁልፍ ራሷ ታበራለች።

መንጃ ፈቃድ የሚያወጣው ወጣት ይህን ከየት ይማር? ልምምድ የሚያደርገው ከጎኑ አሰልጣኝ በተቀመጠባት አሮጌ መኪና ነው፤ ዳገት ላይ መነሣትና ወደ ኋላ መንዳት ይማራል፤ መልካም ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ፣ ከቻይና የመጣች እንደሆነ በቻይንኛ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ የምትንሸራተተዋን መኪና ሥዕል ይዞ፣ በየመኪናው ጸሐይ መከላከያ ላይ ቢለጠፍ የብዙ ገንዘብ ሥራ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዩራፕ ስም ቀበሌን ከዋና መንገድ ለማገናኘት በተያዘው ፕሮግራም ስንት የገጠር መንገድ ተቆርጧል፤ እያንዳንዱ አዲስ መንገድ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት አዲስ ጫፍ አለው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ እየያዘ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ያለውን ጉልበት ሁሉ ገና ከመነሣቱ ይለቃል፤ ጎማ ለማሽከርከር የሚፈጅበት ጊዜ የለም። በእርጥብ አስፋልት ላይ ያን ጉልበት የሚገታው ያው መቆጣጠሪያ ነው። በብዙዎቹ ላይ ማጥፊያው የሚዳሰስ ቁልፍ እንኳ አይደለም፤ በስክሪኑ ላይ ከገጽ በኋላ ገጽ ተከፍቶ የሚገኝ ጽሑፍ ነው። ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያን መፈለግ ያጋጠመው አለ፤ አጥፍቶ ደግሞ የት እንዳጠፋው የሚጠፋበት ይኖራል። የኤሌክትሪኳ መኪና ሞተር ድምፅ ስለሌለው «አጠፋሁ፣ አስነሣሁ» የሚባለው ነገርም የቀድሞውን ያህል ግልጽ አይደለም።

ከዚያ ሐምሌ በኋላ ከእኚያው ሹፌር ጋር ነሐሴ መጨረሻ ላይ በዚያው መንገድ ተመለስን። ያን ማታ ጅማ ከገባን በኋላ ስለ ቁልፏ የማውቀውን ነግሬያቸው ነበር፤ ዝም ብለው ሰምተውኝ «ይሆናል» ብቻ ብለዋል። በነሐሴውም ጉዞ ዋልካው ውስጥ ሁለት ጊዜ አጠፏት፤ ሁለት ጊዜም ወጣን። አሰንዳቦ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ መኪናዋን ወደ ዳር አወጧትና ሳይነግሩኝ ሞተሩን አጠፉ። ወርደው በአንድ ልጅ ጀሪካን ውሃ የፊቱንም የኋላውንም ጎማ አጠቡ፤ በጣታቸው የጎማውን ጥርስ ሲፈለቅቁ ጥቁሩ አፈር እንደ ቂጣ እየተቆረሰ ይወድቅ ነበር። ተመልሰው ገቡ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ቁልፉን አዞሩ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሁሉ በራ። ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ትንሿ መኪናም ጠፋች። ከኛ በፊት አንድ ሰውዬ ጥንድ በሬዎቹን አስፋልቱን እያሻገረ ነበርና እሱ እስኪያልፍ ጠበቁት።